አንገቷ ላይ የቀሩት ጣቶች

ቅረቡ ልጆቼ፤ ወንበሩን ሳብ አድርጉና ተቀመጡ። ጉሮሮዬ እንደ ድሮው ስላልሆነ ጮክ ብዬ አላወራም፤ የምትጠጉት እናንተ ናችሁ። የምነግራችሁ ስለ እህቴ ልጅ ነው፤ ስለ አንገቷ። ወሬው ትንሽ ያስፈራል። እኔም አብሬያችሁ እየፈራሁ ነው የማወራው፣ አይዟችሁ።

እኔና ታላቅ እህቴ ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሠርተናል። ክፍሉ ከምድር በታች ነው። መስኮቱ ጣሪያው ሥር ያለች ቀጭን ቀዳዳ ስለሆነች፣ በእሷ በኩል የሚታየን የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነበር። እህቴ ትልቁ የአንሶላ መተኮሻ ማሽን ላይ ነበረች። ይኸው ማሽን አንድ ቀን የቀኝ እጇን የቀለበት ጣት እስከ አንጓው ወስዶባታል። «ባሌ ቀለበት ሰጠኝ፣ ማሽኑ ከነጣቱ ወሰደው» እያለች ትስቅበት ነበር።

የእኔ ሥራ ደግሞ እድፍ ማስለቀቅ ነው። አንሶላው ከመታጠቡ በፊት ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። አሸተዋለሁ፣ በጥፍሬ እነካካዋለሁ። ደም ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ፤ ቅባት ከሆነ ሙቅ ውሃና ሳሙና። ደም ላይ ሙቅ ውሃ ያፈሰሰ ሰው ያንን አንሶላ ገደለው ማለት ነው፤ እድፉ ይበስልና ከጨርቁ ጋር ይጋባል። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የምነግረው አንድ ቃል ነበረኝ፤ «ምን እንደሆነ ሳታውቂ ምንም አታፍስሺበት።» አፌን ሞልቼ ነበር የምለው። ቆይታችሁ ታዩኛላችሁ።

እህቴ አንድ ልጅ ነበረቻት። ቀጭን ስለነበረች ጭራሮ እንላታለን። ጭራሮ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቆዳዋ ቁጡ ነበር። የክንዷና የጉልበቷ እጥፋት ይቀላል፣ ይደርቃል፣ ያሳክካታል። ኤግዚማ ነው አሉን። እናቷ ሁልጊዜ ከራት በፊት ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ከራስ ቅሏ እስከ ማጅራቷ የወይራ ዘይት ታሻት ነበር። ልጅቷ አደገች፣ ቆዳዋም ረገበ፤ ሃያ ዓመት ሲሞላት እኛው ዘንድ አንሶላ ማጠፊያው ላይ ተቀጠረች። ሦስታችንም በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አብረን እንኖር ነበር።

ከዚያ እህቴ ታመመች። የነርቭ ነው አሉ። መጀመሪያ እግሯ፣ ቀጥሎ ምላሷ፣ እያለ እያለ አልጋ ላይ ዋለች። ጠዋት ጠዋት ገላዋን የማጥባት እኔ ነኝ፤ ቀን ጎረቤት ታያታለች፤ ማታ ልጇ።

የሞተችበት ጠዋት እንዲህ ነበር። ጭራሮ ለባብሳ ስታበቃ እናቷን ልትስም አልጋው ላይ ጎንበስ አለች። እህቴ ሁለት እጇን አንሥታ አንገቷን አቀፈች። አቅፋም ቀረች። እኔ ቦርሳዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜአለሁ።

«ነይ እንጂ ልጅ፣ ረፈደ!» አልኩ።

«እማዬ፣ ልቀቂኝ በቃ፣ ማታ እመጣ የለ እንዴ» ትላለች ጭራሮ ሳቅ እያለች። እህቴ አትለቅም። ዓይን ዓይኗን ታያታለች። በመጨረሻ ልጅቷ የእናቷን ጣቶች አንድ በአንድ ከማጅራቷ ላይ አላቀቀቻቸው፤ የሸሚዝ ቁልፍ እንደሚፈታ ሰው። ወጣን። ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ደወለች። እህቴ አርፋለች።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነው አንገቷ የጀመረው። መጀመሪያ ከጆሮዋ ሥር ትንሽ ቅላት ታየ። ቀጥሎ ወደ ማጅራቷ ወረደ። ከዚያ የዓይኗ ቆብ አበጠ፤ ግንባሯ ላይ ፀጉሯ ከሚጀምርበት ሥር ተላላጠ። ሲያሳክካት ደግሞ በጥፍሯ ሳይሆን በቡጢዋ ነበር የምታሸው፤ ደም እንዳይወጣት ብላ። አልሆነላትም። ቆዳዋ ወዛ፣ ተሰነጠቀ።

እኔ አክስት ነኝ፤ ዝም ብዬ አላይ። እናቷ ታደርግ የነበረውን አደረግሁ። ከሥራ ስንመለስ አስቀምጣታለሁ፣ የእህቴን የዘይት ጠርሙስ አወጣለሁ፣ ከራሷ እስከ ደረቷ አለሰልሳታለሁ፤ እንዳይደርቅባት ብዬ በሻሽ ጥብቅ አድርጌ አስርላታለሁ። ጠርሙሱ ሲያልቅ ሌላ ገዛሁ። በባሰባት ቁጥር እኔም ዘይቱን አበዛሁት። ከመድኃኒት ቤት የተሰጣት ቅባት ለሳምንት አስታገሳትና ተመልሶ መጣ። «ዘይቱን ስላሳነስን ነው» አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

በሥራ ቦታ አንድ ልብስ ተኳሽ ነበረን፤ ቶሎ ስለሚግል እንፋሎት ብለን ነው የምንጠራው። ልጅቷን ይወዳታል፤ ፍቅሩ ግን በነገር ነው የሚወጣለት።

«ጭራሮ፣ እሱን አንገት ሦስት ደቂቃ ለካውያዬ ብታበድሪው ቀጥ አድርጌ እመልስልሽ ነበር» አላት አንድ ቀን።

ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አታጣም ነበር። ያን ቀን ግን ቀና ብላ ወደ ኋላዋ ተመለከተች። ከኋላዋ የተሰቀሉ አንሶላዎች ብቻ ነበሩ፤ የማሽኑ ሙቀት እያወዛወዛቸው።

«ማን ነው የነካኝ?» አለች።

«ማንም» አለ እንፋሎት። ቀልዱ አፉ ላይ ደረቀ።

የእህቴ ማሽን ደግሞ ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ማንኳኳት ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ እንደ እንግዳ። እንፋሎት «የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነው፣ የማሽን ቅባት፣ ግራሶ ነው የጠማው» እያለ ይምላል። ግራሶ ጠጣ፤ ማንኳኳቱን አልተወም። ጭራሮ በሰማችው ቁጥር ሻሿን ወደ ላይ ትስባለች።

አንድ እሑድ ከሰዓት ቤታችን መስኮት አጠገብ ቁጭ ብላ ሻሹን ፈታች። «አክስቴ፣ ነይ ወደ ብርሃኑ፣ እዪው» አለችኝ።

አየሁ። በግራ አንገቷ በኩል አራት ቀይ መስመሮች፤ ከጆሮዋ ሥር ተነሥተው ወደ ማጅራቷ የሚሄዱ። ከአራቱ ሦስተኛው መስመር ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። አጭር ነው።

«የእማዬ ቀኝ እጅ ነው» አለች። «ያን ቀን የያዘችኝ ቦታ ነው። አላቅቄ ስለሄድኩ ተመልሳ ያዘችኝ።»

ልጆቼ፣ እንዳንቺ ያለ ሞኝ የለም ልላት ነበር፤ ግን እኔም ጣቶቹን አውቃቸዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ከጎኔ ሲሠሩ ያየኋቸው ጣቶች ናቸው። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ጠርሙሱን አንሥቼ ዘይት ቀባሁባቸው።

በመጨረሻ አለቃችን ጠራኝና «የሚወዛ ቆዳ ይዛ ንጹሕ አንሶላ መንካት አትችልም፤ ሐኪም ካላያት እንዳትመጣ» አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ደብቀን ደብቀን ነው ተገፍተን የሄድነው።

የቆዳ ሐኪሟ ወጣት ነበረች፤ የልጄን ልጅ የምታክል። ግን ረጋ ያለች ናት። የጭራሮን ክንድ ዘርግታ አለርጂ የሚያስነሡ ነገሮችን ጠብታ በተርታ አኖረች፤ በየጠብታው ላይ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገች። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ከጠብታዎቹ የአንዷ ቦታ ትንኝ እንደነከሰው አበጠ፣ ዙሪያው ቀላ።

«ይኸውላችሁ» አለች ሐኪሟ። «በዚህ ጠብታ ውስጥ ያለው እርሾ መሰል ፈንገስ ነው። ዳቦ የሚያስነሣው አይደለም፤ የሩቅ ዘመዱ በሉት። በእኔም በእርስዎም ቆዳ ላይ ይኖራል፣ እናቴ። ራስ ላይ፣ ፊት ላይ፣ አንገት ላይ፤ ቅባት ካለበት አይጠፋም። አብዛኛውን ሰው ምንም አይለውም። የእሷ ሰውነት ግን እንደ ጠላት ቆጥሮታል፤ አለርጂ ማለት እሱ ነው። ኤግዚማው ቆዳዋን ይከፍትለታል፣ እሱ ይገባል፣ ሰውነቷ ይቆጣል፣ ታሻዋለች፤ ቆዳው የባሰ ይከፈታል።» ከዚያ ወደ ጭራሮ ዞረች። «ቤት ምን ትቀቢያለሽ?»

ጭራሮ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መሬት።

«የወይራ ዘይት» አልኩ። «ራሷንም አንገቷንም። ከዚያ ሻሽ አስርላታለሁ። ቀኑን ደግሞ በማሽኑ እንፋሎት ውስጥ ነው የምትውለው።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ይህ ፈንገስ የሚበላው ቅባት ነው፣ እናቴ» አለች ቀስ ብላ። «ሙቀትና እርጥበትም ይወዳል።»

እድፉን ሳልጠይቀው ሙቅ ውሃ አፍስሼበታለሁ ማለት ነው። አዲስ ሠራተኛ ያንን ቢያደርግ ኖሮ ጩኸቴ መንገድ ላይ ይሰማ ነበር።

ጭራሮ ግን አንገቷን ገልጣ ሌላ ነገር ጠየቀች። «ዶክተር፣ ፈንገስ ጣት አለው? እነዚህን ቁጠሪያቸው።»

ሐኪሟ ጠጋ ብላ አየች። ረዥም ጊዜ አየች። «የሻሽ እጥፋት ይሆናል፤ ላብ የሚጠራቀምበት መስመር» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «እናትሽን ያጣሽው በቅርብ ነው?» አለች። ስለ አጭሩ መስመር ምንም አላለችም።

መድኃኒቱን ስታዝ በግልጽ ነገረችን። የፈንገስ እንክብል ለጥቂት ሳምንታት፣ ከምግብ ጋር የሚዋጥ። ለራሷ የፈንገስ ሻምፖ። የቀድሞውን የኤግዚማ ቅባት እሷ እንደምትለው ብቻ መቀባት። ዘይቱ ይቁም፣ ሻሹ ይላላ። «ሁሉንም ያድናል ብዬ አልምልም» አለች። «አንዳንዱን ይጠቅማል፣ አንዳንዱን ምንም አያደርግለትም። ራስና አንገት ላይ ለበረታበት፣ ምርመራውም እንዲህ ላሳየ ሰው ግን መሞከሩ ይገባል። መጀመሪያ ጉበትሽን በደም ምርመራ እናያለን። ሌላ መድኃኒት ከጀመርሽ ደግሞ ሳትነግሪኝ አትዋጪ።»

ደሙ ደህና ሆነ። መድኃኒቱ ተገዛ። ሦስት ሳምንት ሞላ፤ ለውጥ የለም። እንዲያውም ቅላቱ ወደ ጉንጯ ዘለቀ፤ የዓይኗ ቆብ እስኪደፈን አበጠ። «አልሠራላትም» ብዬ ተስፋ ቆረጥሁ።

በእኛ ሥራ ልብስ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ኪሱ ይፈተሻል። አንዲት እስክሪብቶ ስንቱን ነጭ ልብስ እንደምታበላሽ እኛ ነን የምናውቀው። አንድ ጠዋት የጭራሮን ሽርጥ አንሥቼ ኪሱን ብፈትሽ፣ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ፈታሁት። እንክብሎቹ ናቸው። አንዱም አልተዋጠም። ጠቅልዬ ቦርሳዋ ውስጥ መለስኩት።

አለቃችን አንሶላ እንዳትነካ ቢከለክላትም፣ የጠረጴዛ ጨርቆች በጓንት እንድታጥፍ ፈቅዶላት ነበር። ትልቁን ጨርቅ ሁለት ሰው ነው የሚያጥፈው። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ ሌላውን እሷ። ወጠርነው፣ ተቀራረብን፣ ፊት ለፊት ሆንን።

«አልዋጥሽም» አልኳት።

ጫፉን ሰጥታኝ ወደ ኋላ ተመለሰች። ሌላ ጨርቅ አነሣን። ወጠርን፤ ተጠጋጋን።

«ከለቀቀችኝ የት አገኛታለሁ?» አለች። ዓይኗ አብጦ ስንጥቅ ሆኗል፤ በስንጥቁ ውስጥ እንባዋ ይታየኛል። «አንዴ አላቅቄአታለሁ፣ አክስቴ። ሁለተኛ በመድኃኒት አላላቅቃትም። ትቆጣኝ። ያቃጥለኝ። የሷ ነው።»

እንፋሎት ካውያውን እያስተነፈሰ ከዚያ ማዶ ሰምቷል። «የሞተ ሰው እጅ ቀዝቃዛ ነው እንጂ አያቃጥልም፣ አንቺ ልጅ» አለ። ድምፁ ቀልድ አልነበረበትም። ካውያውን አጥፍቶ ወጣልን።

ሦስተኛውን ጨርቅ አነሣን። የዚያኔ ነው ልጆቼ፣ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው በሆዴ የያዝኩትን ነገር የተናገርኩት።

«የእናትሽ እጅ አይከፈትም ነበር» አልኳት።

ቆመች።

«ከመሞቷ አንድ ወር ቀደም ብሎ ጣቶቿ መያዝ እንጂ መልቀቅ አቃታቸው። ጠዋት ጠዋት ሳጥባት እኔንም ትይዘኛለች፤ አንድ በአንድ ነው የማላቅቃት፣ ልክ እንዳንቺ። ሐኪሙም ነግሮናል፤ በሽታው ነው። እሷ ግን ‹ለልጄ እንዳትነግሪያት፣ እጄን ትፈራዋለች› ብላ በዚያ በተሳሰረ ምላሷ ለመነችኝ። አንቺ ማታ የምታገኚያት እጇን ብርድ ልብስ ውስጥ ከትቼላት ነው። ያን ቀን ልታስቀርሽ አልነበረም። ልትስምሽ ነበር፤ ስማሽ ስታበቃ መፍታት አቃታት።»

ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። ንጹሕ ጨርቅ መሬት ላይ ሲወድቅ ያላነሣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አንቺ እያወቅሽ...» አለች። «አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ነበር። እጇ እንደማይፈታ እያወቅሽ ‹ነይ፣ ረፈደ› አልሽኝ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

እዚህ ላይ ውሸት መናገር እችል ነበር። አለቃው ይቆጣል ብዬ ነው ማለት ይቻላል። «አልረፈደም ነበር» አልኳት። «ሰዓቱ ገና ነበር። የበሽታው ሽታ መሮኝ ነው። ከዚያ ክፍል መውጣት ፈልጌ ነው የጠራሁሽ። መጥቼ ጣቶቿን እኔ ማላቀቅ ነበረብኝ፤ እየሳቃችሁ ትለያዩ ነበር። ጥፋቱ የአንቺ አንገት ላይ ምን ይሠራል? የእኔ ነው።»

ጭራሮ ጓንቷን አውልቃ ወጣች። አራት ቀን አላናገረችኝም። ምግቧን ለብቻዋ በላች። እኔም ጠርሙሱን አውጥቼ የቀረውን ዘይት ማፍሰሻው ላይ ደፋሁት፤ ሽታው ቤቱን ሞላው፣ እህቴ ከጓዳ ብቅ የምትል መሰለኝ። አልመጣችም።

በአምስተኛው ቀን ምሳ ላይ ከፊቴ ተቀመጠች። ከኪሷ ሶፍቱን አወጣች፣ አንዱን እንክብል ከጉርሻዋ ጋር ዋጠች፣ ውሃ ጠጣችበት። ከዚያ፣ «አልታረቅሁሽም» አለችኝ።

«ይሁን» አልኩ። «ብቻ ዋጪ።»

መጀመሪያ የዓይኗ ቆብ እብጠት ጎደለ። ከዚያ ግንባሯ። ሦስት ሳምንት ሲሆን አንገቷ መድረቅና መጥራት ጀመረ፤ ከታች ወደ ላይ፣ መስመር በመስመር። ጭራሮ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆማ ትቆጥራቸዋለች። አራት፣ ሦስት፣ ሁለት። አጭሩ መጨረሻ ጠፋ። የጠፋ ዕለት መዳፏን ቦታው ላይ አድርጋ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ጎረቤት ሲገባ እህቴ ዛሬ የሞተች እስኪመስለው ድረስ። ያኔ ነው አቅፌአት ያልገፋችኝ።

ሐኪሟ እንዳለችው ሙሉ በሙሉ አልተሰናበታትም። በሙቀቱ ወራት ብቅ ይላል፤ እሷም ሳይብስ ሄዳ ትታያለች፣ ሻምፖዋን ትጠቀማለች፣ ያዘዙላትን ትወስዳለች። ማሽን ክፍሉን ትታ ፎቅ ላይ የአንሶላ መጋዘን ያዘች፤ እዚያ መስኮቱ ትልቅ ነው። እንፋሎት «ጭራሮ ለምልማ ቅርንጫፍ ሆነች፣ ከእንግዲህ ለማገዶ አትሆንም» ይላታል። አሁን መልስ አላት፤ «አንተም ተንፍሰህ ቀዝቅዘሃል፣ ለሻይ እንኳ አትሆን።»

እኔስ? ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጅቷ ታርቃኛለች፤ በቃሏ ሳይሆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች እግሬን በማጠብ። ነገር ግን ጠዋት ስወጣ፣ ቁልፉን በሩ ላይ ሳዞር፣ ከባዶው ክፍል አንድ ሴት ትጣራለች። «ነይ እንጂ፣ ረፈደ!» ትላለች። እህቴ ብትሆን ደስ ባለኝ። ድምፁ ግን የራሴ ነው። ለሐኪሟ ነገርኳት፤ ጆሮዬን አየች፣ ደህና ነው አለች። ለቆዳ እንጂ ለዚህ የሚሆን እንክብል የላትም። እናም ቁልፉን መልሼ እከፍታለሁ፣ ገብቼ አልጋው ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ፣ ትንሽ እቆያለሁ። ስቆይ ዝም ይላል።

ልጆቼ፣ መሽቶባችኋል መሰለኝ፣ ሂዱ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። የምትወዱት ሰው ሲያቅፋችሁና መልቀቁ ሲዘገይባችሁ፣ ሰዓት ከማየታችሁ በፊት ይህችን ሴትዮ አስታውሱ።